ምዕራፍ 7፦ የሁለት ዘንጎች ቀጠሮ

«ይሄ ነው እንግዲህ» አሉ ጋሼ፣ ጥቁሩን የላስቲክ ቀለበት ከካርቶኑ አውጥተው መዳፌ ላይ እያኖሩ። ወርዱ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። በውስጥ በኩል ጫፋቸው የደነዘዘ ጥርሶች ተደርድረውበታል። ክብደቱ ከአንድ ብርቱካን አይበልጥም። ገልበጥ ገለጥ አድርጌ አየሁትና መለስኩላቸው።

«ለዚህ ነው ሰው ሞተር የሚያስወርደው?» አሉኝ።

ጋሼ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው፤ የድሮ ሰዎች ኢንዶ-ኢትዮጵያ የሚሉት። ሥራቸው የሽመና ማሽን መጠገን ስለነበር ብረት አያስፈራቸውም። ቅዳሜ ጠዋት ግቢያቸው ስደርስ ኮሮላዋ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ የፊት ቀኝ ጎማዋ ወልቆ፣ ከሥሯ ድጋፍ ተደርጎላት ቆማለች። ከአጥሩ ወዲያ ወደ ቃሊቲ ጉምሩክ የሚያቀኑ ከባድ መኪናዎች ያለማቋረጥ ያልፋሉ። እሳቸው ታይሚንግ ቤልቱን ራሳቸው ሊለውጡ ቆርጠዋል። እኔ ደግሞ ይህን መጽሐፍ ስለምጽፍ ካቻቢቴ አቀባይ ሆኜ ተገኘሁ።

እስካሁን ባለፍናቸው ምዕራፎች የሞተርን ክፍሎች አንድ በአንድ አይተናል። በምዕራፍ 2 ፒስተን እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ በምዕራፍ 4 ደግሞ ቫልቮች እንደ በረኛ አየርና ነዳጁን እያስገቡ ጭሱን እንዴት እንደሚያስወጡ ተመልክተናል። አንድ ጥያቄ ግን ሆን ብዬ ሳልመልሰው አልፌ ነበር። በረኛው በሩን የሚከፍትበትን ሰዓት ማን ይነግረዋል? ፒስተኑ ያለው ታች ነው፣ ቫልቩ ያለው ላይ ነው፤ አይተያዩም። ይህ ምዕራፍ የሚያጠነጥነው በዚሁ ላይ ነው፤ መልሱም ጋሼ መዳፌ ላይ ያኖሩት ላስቲክ ነው።

ፀሐይና የግድግዳ ሰዓት

ሞተር አንዴ ጉልበት ለመስጠት አራት ነገር ያደርጋል፦ ይስባል፣ ያምቃል፣ ያነዳል፣ ያስወጣል። ለነዚህ አራት ተግባራት ፒስተኑ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ ይወጣል። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት የታችኛው ዘንግ (መካኒኮች ክራንክ ሻፍት የሚሉት) በዚህ ጊዜ ሁለት ሙሉ ዙር ይዞራል። የማስገቢያው ቫልቭ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚከፈተው አንዴ ብቻ ነው፤ የማስወጫውም እንደዚያው። ስለዚህ ቫልቮቹን የሚገፋው የላይኛው ዘንግ፣ ካም ሻፍቱ፣ አንዴ ብቻ መዞር አለበት። ታች ሁለት፣ ላይ አንድ።

ይህ «ሁለት ለአንድ» ሰውን ሲያደናግር አይቻለሁ፤ ይሁንና ሁላችንም ስንኖርበት ያደግን ነገር ነው። የግድግዳ ሰዓት አጭሩ ዘንግ በአንድ ቀንና ሌሊት ሁለት ጊዜ ይዞራል። ፀሐይ አንዴ። መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ረጅም እንቅልፍ ተኝቶ የነቃ ሰው ሰዓቱን ቀና ብሎ ቢያይና ስድስት ቢል፣ የቀኑ ስድስት ይሁን የሌሊቱ በምን ያውቃል? ዘንጉ ያለበት ቦታ አንድ ነው። ምሳ ይቅረብ ወይስ ተመልሶ ይተኛ የሚለውን ለመወሰን ወደ ውጭ ወጥቶ ሰማይ ማየት አለበት።

የታችኛው ዘንግ እንደ ሰዓቱ ዘንግ ነው። ፒስተኑ ጫፍ ላይ የሚደርሰው በየዑደቱ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ አየርና ነዳጁን አምቆ ካንዴላው እሳት እንዲሰጥ ሲጠብቅ፣ አንዴ ደግሞ ጭሱን አስወጥቶ ሲጨርስ። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሁለቱ ፍጹም አንድ ናቸው። ቀን ይሁን ሌሊት የሚያውቀው የላይኛው ዘንግ ነው። ይህን ምሳሌ አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ ከሰዓት በኋላ ጋሼና እኔ ልንሳሳት የደረስነው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት ለአንድ የሚመጣው ደግሞ በጥርስ ቁጥር ነው። የታችኛው ፑሌጃ 20 ጥርስ ካለው የላይኛው 40 ይኖረዋል። ቤልቱ በሁለቱም ላይ ጥርሱን እየነከሰ ስለሚያልፍ የታችኛው ሁለት ጊዜ ሲዞር የላይኛው አንዴ ይዞራል፤ ሊንሸራተት አይችልም። ዲናሞ የሚያዞረው ለስላሳ ቺንጋ አልፎ አልፎ ቢንሸራተት ይጮኻል እንጂ ጉዳቱ ብዙ አይደለም። የታይሚንግ ቤልት አንድ ጥርስ እንኳ መዝለል የለበትም።

ፍጥነቱን ደግሞ እናስበው። የታችኛው ዘንግ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 50 ዙር ማለት ነው። የላይኛው 25 ዙር ይዞራል፤ እያንዳንዱ ቫልቭም በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ዓይን ጨፍነን እስክንገልጥ በሩ ብዙ ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቷል፤ ያውም እያንዳንዱ በየተራው።

በአንድ ሙቀጫ ሁለት ዘነዘና

ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ ከተማም ቢሆን በድግስ ሰሞን ይታያል፤ ሁለት ሴቶች አንድ ሙቀጫ ውስጥ ተፈራርቀው ይወቅጣሉ። አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሌላዋ ታወርዳለች። ቦታው አንድ ነው፣ ጠባብ ነው፤ የሚያስችላቸው ተራ መጠበቃቸው ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ እያንጎራጎሩ የሚወቅጡትም ወደው አይደለም፤ ዜማው ምቱን ይይዝላቸዋል። አንዷ ዜማውን ከሳተች ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጫል።

የሲሊንደሩ አናት እንደዚያ ሙቀጫ ነው። ፒስተኑ ከታች ወደ ላይ ይመጣል፣ ቫልቩ ከላይ ወደ ታች ይገባል። ሁለቱ ያችኑ ጠባብ ቦታ የሚጠቀሙት በየተራቸው ነው። ቤልቱ ዜማው ነው።

ሰዎች ታይሚንግ ቤልት ሲባል መኪናውን የሚጎትት ነገር ይመስላቸዋል። ወደ ጎማ የሚሄደው ጉልበት በዚህ ላስቲክ በኩል አያልፍም። የቫልቮቹን ሞላ ለመግፋት የተወሰነ ኃይል መሸከሙ አይቀርም፤ ዋና ሥራው ግን ወሬ ማድረስ ነው። ታች ያለው ዘንግ የት እንደደረሰ ላይ ላለው ይነግራል። ለዚህ ነው ቤልቱ ሲበጠስ የሚሆነው ነገር ከሌላ ብልሽት የሚለየው። ጎማ ቢፈነዳ ጎማ ነው የተበላሸው። ይህ ቤልት ሲበጠስ ሁለቱም ዘንጎች ደህና ሆነው ሳሉ አይነጋገሩም። የላይኛው ዘንግ በቆመበት ይቀራል፤ የተከፈተው ቫልቭ እንደተከፈተ ነው። የታችኛው ግን መኪናው ገና እየሮጠ ስለሆነ ፒስተኖቹን ወደ ላይ መላኩን አያቆምም።

ከዚህ በኋላ የሚሆነው ሙቀጫው ባለው ስፋት ይወሰናል። በአንዳንድ ሞተሮች ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ፒስተኑ ጫፍ ቢደርስም አይነካኩም፤ በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። የጋሼ ኮሮላ 1.6 ሊትር የቤንዚን ሞተር፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው፣ ከነዚህ ወገን ነው። ቤልቱ ቢበጠስ ሞተሩ ጸጥ ይላል፤ አዲስ ቤልት ሲገባለት ይነሣል። በሌሎች ሞተሮች ግን ፒስተኑ ቫልቩን ያገኘዋል። ቫልቩ ይጎብጣል፤ ቴስታታው መውረድ አለበት፤ ሲከፋም ፒስተኑ ይበሳል።

የናፍጣ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በሁለተኛው ወገን የሚገኙት ያለምክንያት አይደለም። በምዕራፍ 3 እንዳየነው ናፍጣ የሚነደው በካንዴላ እሳት ሳይሆን አየሩ በጣም ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነው። የኮሮላዋ ሞተር አየሩን የሚያምቀው ከዘጠኝ እጥፍ ትንሽ በላይ ነው፤ የሃይስ ሚኒባስ ሦስት ሊትር የናፍጣ ሞተር፣ 5ኤል፣ 22 እጥፍ ያህል። ያን ያህል ለማመቅ ፒስተኑ ሲወጣ ከላዩ የሚቀረው ቦታ እጅግ ጠባብ መሆን አለበት። ቫልቭ ቢዘገይ የሚጠለልበት የለም። ከቃሊቲ መናኸሪያ ሰው ጭኖ የወጣ ሚኒባስ መንገድ ላይ ቤልቱ ቢበጠስ ባለቤቱ የሚያወጣው ወጪ የቤልት ዋጋ አይደለም፤ የግማሽ ሞተር ነው።

ከልብስ ስፌት የመጣ ጥርስ

ዘንጎቹን ማነጋገር በላስቲክ ብቻ አይደለም የሚቻለው። የጥንቱ መንገድ ጥርስ ለጥርስ የተነካከሰ ማርሽ ነበር፤ ቀጥሎ የመጣው ካቴና ነው፣ የብስክሌቱ ዓይነት። ላስቲኩ የዘር ሐረጉ ከመኪና አይጀምርም። ጥርስ ያለውን ቀበቶ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሠራው ዩናይትድ ስቴትስ ራበር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበው ለልብስ ስፌት መኪና ነበር።

ሲንጀር ቤቱ ያለ ሰው ምክንያቱ ወዲያው ይገባዋል። ከላይ መርፌው ይወርዳል፤ ከታች ደግሞ መንጠቆው ዞሮ ክሩን ከመርፌው ላይ ይቀበላል። መንጠቆው በጥቂቱ ቢቀድም ወይም ቢዘገይ ክሩን ይስታል፤ ሲብስም መርፌውን ይሰብረዋል። የላይና የታች ቀጠሮ ነው ይሄም። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ሣቅ ብለው፣ «እኛ ፋብሪካም እኮ መወርወሪያው በድሩ መካከል ሳያልፍ ድሩ ከተዘጋበት ስንቱን ክር ይዞት ይሄዳል! ያኔ የሚጠራው እኔን ነበር» አሉ። ሰውዬው ሙሉ ዕድሜያቸውን ታይሚንግ ሲያስተካክሉ ነው የኖሩት፤ ስሙን አያውቁት ኖሯል እንጂ።

በብዛት በተመረተ መኪና ላይ ጥርስ ያለው ቤልት ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1962 (እ.ኤ.አ.) በጀርመኑ ግላስ 1004 ነው። ግላስ ትንሽ ኩባንያ ነበር፤ ከአራት ዓመት በኋላ ቢኤምደብሊው ገዛው። በዚያው በ1966 ፊያት በ124 ስፖርት ሞተሩ ቤልት ተጠቀመ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ በዓለም ተዛመተ። ላስቲኩ ርካሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ እንደ ካቴና አይንጫጫም፣ ዘይት አይፈልግም። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ያረጃል።

የኛን የአዲስ አበባ መኪኖች ብንመለከት ሁለቱም ዓይነት ጎን ለጎን ይገኛል። በሰማያዊና ነጭ ታክሲነት የምናውቃቸው ላዳዎች እንኳ የተለያዩ ናቸው፤ 2105 የተባለው 1.3 ሊትር ሞተሩ በቤልት የሚሠራ ሲሆን 2106 ግን በካቴና ነው። ቪትዝና ያሪስ ካቴና ናቸው፤ የቪትዝ ባለቤት «ታይሚንግ ቤልትህ ደርሷል» ቢባል እጁን ኪሱ ከመክተቱ በፊት ይጠይቅ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ቫልቭም ስለሌላቸው ቤልትም ካቴናም አያሻቸውም። አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎቹ ግን ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ፤ ላስቲካቸውም እያረጀ።

ላስቲክ ዕድሜውን በምን ይቆጥራል?

ቤልቱን በምላጭ ቢሰነጥቁት ላስቲክ ብቻ አይደለም። በሆዱ ከመስታወት የተፈተሉ ቀጫጭን ክሮች በርዝመቱ ሙሉ ተዘርግተዋል። እንዳይለጠጥ የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ ድር ቢያብር ሲባል እንዲህ ነው። መስታወት ግን መስታወት ነው። በቀጥታ ሲስቡት ጠንካራ፣ አጥብቀው ሲያጥፉት ተሰባሪ። አዲስ ቤልት እንደ መቀነት ተጠቅልሎና በጎማ ክር ታስሮ ከተሸጠልን፣ ውጪው ደህና እየመሰለ ውስጡ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል። ሶማሌ ተራ ሄዶ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያስተውል መልካም ነው፤ ካርቶኑ የተጨማደደ ቤልት ዋጋው ቢቀንስም አልገዛም።

ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቤልታቸው በ100,000 ኪሎ ሜትር እንዲለወጥ ይመከራል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ እናስላው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና አንዱን ኪሎ ሜትር የሚጨርሰው በአንድ ደቂቃ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ጊዜ ቢዞር፣ 100,000 ኪሎ ሜትር ማለት 200 ሚሊዮን የታችኛው ዘንግ ዙር ነው። ይህን ሁሉ ወሬ ያደረሰ ላስቲክ ቢደክመው አይፈረድበትም።

ነገር ግን ከቱሉ ዲምቱ ተነሥቶ በፍጥነት መንገዱ አዳማ የሚደርስ መኪናና ጠዋት ጠዋት ከቃሊቲ ሳሪስ ለመድረስ በመኪና ሰልፍ የሚቆም መኪና ኪሎ ሜትራቸው እኩል ቢሆንም ቤልታቸው እኩል አላረጀም። የቆመ መኪና ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል። አንድ ሰዓት ቢቆም 48,000 ዙር ነው፤ በላይኛው ሂሳብ 24 ኪሎ ሜትር እንደ መሄድ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ግን ዜሮ ነው የጻፈው። ከዚህ ላይ የሞተሩ ሙቀት አለ፣ ዓመታቱ አሉ። ላስቲክ ቆሞም ይደርቃል። ሁለተኛ እጅ ከውጭ የገባ መኪና ላይ ደግሞ ቆጣሪው የሚለውን ማመን የዋህነት ነው።

በሃይስና በላንድክሩዘር የናፍጣ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ «ቲ-ቤልት» የሚል መብራት አለ። ብዙ ሾፌር ይህ መብራት ቤልቱን እያየ የሚናገር ይመስለዋል። አያየውም። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚበራ ቆጣሪ ነው፤ ቤልቱ ትናንት ተለውጦ ቆጣሪው ካልተመለሰ ነገ ይበራል፤ ቤልቱ ሳይለወጥ መብራቱ ብቻ ከጠፋም ዝም ይላል። የጋሼ ኮሮላ ይህ መብራት የላትም። ማስታወሻ ደብተር አላቸው፤ በሱ መሠረት ቤልቱ ሰባት ዓመት ሞልቶታል።

ቅዳሜ፣ ግቢ ውስጥ

የመጀመሪያው ሥራ የባትሪውን ኔጌቲቭ መንቀል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ማደር አለበት። መኪናዋ በክሪክ ብቻ ተይዛ ማንም ከሥሯ አይገባም፤ ጋሼ ወፍራም የብረት ማቆሚያ አስገብተውላታል። ውጭ ያሉት ቺንጋዎች ወለቁ፤ ካንዴላዎቹ ወጡ፤ የቫልቭ ክዳኑ ተነሣ። ካንዴላ የሚወጣው እንዲለወጥ አይደለም፤ ቀዳዳው ክፍት ሲሆን ሞተሩ የሚያምቀው አየር ስለማይኖር በእጅ ሲያዞሩት ይታዘዛል።

የዚህ ሞተር የቀኝ ጎን መሸከሚያ በቤልቱ መንገድ ላይ ስለሆነ እሱም መፈታት አለበት። ያን ጊዜ ሞተሩ ወደ አንድ ጎን እንዳይወርድ ከሥሩ በጣውላና በክሪክ ይደገፋል። ይሄን ሳያስቡ ቡሎኑን የፈቱ ሰዎች አጋጥመውኛል።

ያስቸገረን የታችኛው ፑሌጃ ትልቁ ቡሎን ነው። በመመሪያው መሠረት የሚጠብቅበት ልክ 118 ኒውተን ሜትር ነው። ይህ ቋንቋ ለማያውቅ ሰው፦ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቧንቧ ቁልፉ ላይ ቢገባና ጫፉ ላይ 12 ኪሎ ሽንኩርት ቢንጠለጠል የሚፈጠረው ማጠንከር ማለት ነው። ይሄ ሲገባ ነው፤ ለዓመታት ሙቀት የጠጣ ቡሎን ሲወጣ ከዚያ የበለጠ ይጠይቃል። አንዳንዱ መካኒክ ቁልፉን መሬት ላይ አስደግፎ በሞተሪኖ እየመታ ይፈታዋል። ጋሼ አልፈቀዱም፤ የጎረቤት ልጅ ማርሽ አስገብቶ ፍሬን ይዞ ተቀመጠ፣ እኛ ከረጅም ቧንቧ ጋር ታገልን፤ ከሻይ በኋላ እጁን ሰጠ።

አሁን ቀጠሮው ላይ ደረስን። አሮጌው ቤልት ከመውለቁ በፊት ሁለቱ ዘንጎች በሚታወቅ ቦታ መቆም አለባቸው። የታችኛው ፑሌጃ ላይ ጭረት አለ፤ ክዳኑ ላይ ደግሞ ዜሮ ተጽፏል፤ ሁለቱ ይገጥማሉ። የላይኛው ፑሌጃ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ ከኋላዋ ካለው ምልክት ጋር ትገጥማለች። ጋሼ የታችኛውን አዙረው ዜሮ ላይ አቆሙና «በቃ» አሉ። ላይ ሳይ ቀዳዳዋ የለችም። ከፑሌጃው በተቃራኒ በኩል ናት።

«ጋሼ፣ የሌሊቱ ስድስት ነው» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ የፀሐይዋን ነገር አስታወሱና አንድ ዙር ጨመሩ፤ ቀዳዳዋ መጣች። ልብ በሉ፣ ዜሮውን ብቻ አይተን አሮጌውን ቤልት ብናወልቅ ኖሮ የላይኛው ዘንግ የት እንደቆመ የሚነግረን ምልክት ከፊታችን አይኖርም ነበር። አዲሱን ጥርስ ስተን ብናስገባውም ሳናውቀው እንዘጋው ነበር።

አሮጌው ቤልት ወጣ። ጀርባው ላይ እንደ ደረቀ መሬት ስንጥቅጥቅ ብሏል፤ አንዱ ጠርዙ ደግሞ ያብረቀርቃል፣ ሲነካም ያበጠ ነው። ዘይት ነው። በምዕራፍ 5 ዘይት የሞተር ደም ነው ብዬ ነበር፤ ለዚህ ላስቲክ ግን መርዙ ነው። የመጣው ከላይኛው ዘንግ ኦይል ሲል ነው። ይህ ሲል ዘንጉ ከሞተሩ በሚወጣበት ቦታ ዘይቱን የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት ሲሆን፣ ዕድሜው የቤልቱ እኩያ ነው።

እዚህ ላይ ነው «ተያያዥ ዕቃዎች» የሚባለው ነገር ትርጉም የሚያገኘው። ጋራዥ ውስጥ ቤልት ሊያስለውጥ የሄደ ሰው ቴንሽነር፣ ኦይል ሲል፣ አንዳንዴም የውሃ ፓምፕ ሲጨመርበት የተበላ ይመስለዋል። ሒሳቡን ግን አስቡት። ከጠዋት ጀምረን እስከ ቀትር የደከምነው ቤልቱ ጋ ለመድረስ ነው፤ ከደረስን በኋላ ቴንሽነሩን መለወጥ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ቴንሽነር ማለት ቤልቱን ወጥሮ የሚይዝ፣ በሞላ የሚገፋ ትንሽ ፑሌጃ ነው። ውስጡ ኩሽኔታ አለ። ጋሼ የአሮጌውን በጣታቸው ቢያሽከረክሩት እንደ ባቄላ የሚንኳኳ ድምፅ ሰጠ። ኩሽኔታው መንገድ ላይ ቢነክስ አዲሱን ቤልት በአንድ ጊዜ ይበላዋል። የውሃ ፓምፕ ደግሞ በአንዳንድ ሞተሮች የሚዞረው በዚሁ ቤልት ነው፤ እነዚያ ላይ ፓምፑን ሳይለውጡ መዝጋት ስንፍና ነው። በኮሮላዋ የሚዞረው በውጭው ቺንጋ ስለሆነ ለሌላ ቀን ሊቆይ ይችላል።

አዲሱን ቤልት ከማስገባታችን በፊት ጋሼ ከአሮጌው ጋር አስተያይተው ጥርሱን ቆጠሩ። ወርዱ፣ የጥርሱ ቅርጽ፣ ቁጥሩ እኩል ነው። ከዚያ ከታች ጀምረው አስገቡት፣ ቴንሽነሩን ለቀቁት፣ ሞላው ወጠረው። ቤልት እንደ መቀነት ነው፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ያስጨንቃል፣ ከላላ ጥርስ ይዘልላል። ለዚህ ነው ውጥረቱን በክንድ ሳይሆን በሞላው የምንለካው።

ምልክቶቹ ገጥመዋል። ደስ አለን። ግን አልጨረስንም፤ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር ማዞር ነበረብን፣ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ። ለምን ሁለት? የሰዓቱ ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር ፀሐይ አንዴ ዞራ ወደ ቦታዋ ትመለሳለችና። አንድ ሙሉ ቀን እናሳልፈዋለን ማለት ነው፣ በቀስታ፤ የሚነካካ ነገር ካለ በእጃችን ይሰማናል፣ በሞተሪኖ ግን ሰብሮት ያልፋል።

ሁለት ዙር አዞርን። ታች ዜሮ ላይ ነው። ላይ ያለችው ቀዳዳ ግን ትንሽ አልፋለች።

አንድ ጥርስ። ከ40 ጥርስ አንዱ 9 ዲግሪ ነው፤ በግድግዳ ሰዓት ላይ የደቂቃው ዘንግ በአንድ ደቂቃ ተኩል የሚሄደው ያህል። በታችኛው ዘንግ ሲቆጠር ግን 18 ዲግሪ ይሆናል። እንዲህ ብንዘጋው ሞተሩ መነሣቱን ይነሣ ነበር። ቆሞ ይንቀጠቀጣል፣ ዳገት ላይ ይለግማል፣ ቤንዚን ያበዛል፤ ባለቤቱም ካንዴላ ይለውጣል፣ ፊልተር ይለውጣል፣ ካቡራቶር የሌለውን መኪና ካቡራቶሩን አጽዱልኝ ይላል። በናፍጣው ሃይስ ላይ ብንሠራው ኖሮ ሁለት ዙሩን ሳንጨርስ ብረት ከብረት ሲገናኝ ሊሰማን ይችል ነበር።

ስህተቱ የኔ ነው። ቤልቱ ሁለት ጎን አለው፤ ቴንሽነሩ ያለበትና የሌለበት። መላላት ያለበት የቴንሽነሩ ጎን ብቻ ነው፤ ሌላኛው ከመጀመሪያው ቀጥ ብሎ መወጠር አለበት። እኔ ግን የላይኛውን ፑሌጃ ስይዝ በዚያኛው ጎን ትንሽ ትርፍ ትቼ ነበር፤ ሞላው ሲስብ ትርፉን ከዚያ ወስዶ የላይኛውን ዘንግ አብሮ አዞረው። ጋሼ ምንም አላሉኝም። ቴንሽነሩን ወደ ኋላ ገፉ፣ ቤልቱን ከላይ አነሡ፣ አንድ ጥርስ መለሱ፣ እንደገና ለቀቁ። ሁለት ዙር። ገጠመ። «ድገም» አሉኝ፤ ሌላ ሁለት ዙር። ገጠመ።

ከሰዓት አሥር ሰዓት ላይ ክዳኑ ተመልሷል፣ የሞተሩ መሸከሚያ ታስሯል፣ ትልቁ ቡሎን ከሰፈሩ ጋራዥ በተዋስነው ቶርክ ሬንች ልኩን አግኝቷል። ጋሼ ቁልፉን አዞሩ። ሞተሪኖው ሁለቴ አንቧቧ፣ ኮሮላዋ ተነሣች። ኮፈኑ ላይ በግማሽ የተጠጣ የሻይ ብርጭቆ ነበር፤ ሁለታችንም ሳንነጋገር እሱን አየን። ሻዩ እምብዛም አልተነቃነቀም።

ጋሼ ከዚያ የጥፍር ቀለም ከቤት አስመጥተው የቤልቱ ክዳን ላይ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ከሥሩም የቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ቴንሽነርና ኦይል ሲል መለወጣቸውንም ጨመሩ። «መብራት የላትም ብለሃል አይደል? ይኸው መብራቷ» አሉ። የውሃ ፓምፑን ግን አልጻፉም። ሥሩ ላይ የደረቀ አረንጓዴ እድፍ አይተንበት ለሚቀጥለው ቅዳሜ አቆይተነዋል፤ እሱን በምዕራፍ 8 እንፈታዋለን።